ብስክሌት ስትነዱ እጃችሁ የሚደነዝዘው ለምንድን ነው?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ካርቱም ውስጥ ብስክሌት ይነዱ የነበሩ ወገኖችም፣ የባሕር ዳር ልጆችም ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «እጄ ይደነዝዛል፤ የደም ዝውውር ችግር ይሆን? ቫይታሚን ቢ ልወጋ?»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የደም ዝውውር ሳይሆን የነርቭ መጫን ነው፤ መርፌ ጫናውን አያነሳም።

የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ፣ በመዳፍ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፈው አልናር ነርቭ በመሪው ተጭኗል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከሆኑ ደግሞ ሚዲያን ነርቭ ነው።

የመንገዱ ሁኔታም ያባብሰዋል፤ ለምሳሌ ካርቱም ሜዳ ናት። ዳገት ስለሌለ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ አያያዙንም ሳይቀይር ብዙ ይጓዛል። ጫናው አንድ ቦታ ላይ ይበረታል።

ምን ይደረግ?

1. በየጥቂት ደቂቃው አያያዝ ቀይሩ።
2. የእጅ አንጓችሁ ወደ ኋላ አይታጠፍ፤ ክርናችሁን ላላ አድርጉ።
3. የመቀመጫው ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ ክብደታችሁ እጃችሁ ላይ ይወድቃል፤ አስተካክሉት። መሪው ከራቀ ወይም በጣም ዝቅ ካለ ቀረብ፣ ከፍ ይደረግ።
4. ጎማውን ከመጠን በላይ አትንፉ፤ ንዝረቱ መዳፋችሁ ላይ ያርፋል።
5. ስፖንጅ ያለው ጓንት ይረዳል፤ ግን ተራ ቁጥር 3ን አይተካም።

ድንዛዜው ለቀናት ከቆየ ወይም የበር ቁልፍ ማዞር፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሳትነዱም እግራችሁ ጭምር የሚደነዝዝ ከሆነ ስኳር ተመርመሩ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ የትኛው ጣታችሁ እንደሚደነዝዝ ጠቅሳችሁ ጻፉልኝ።