የምዕራቡ መቀመጫ

በጥንቱ የቻይና ሥርዓት፥ ባለጸጋ አባት ልጁን የሚያስተምርለትን ሊቅ ወደ ቤቱ ባስገባ ጊዜ፥ ለመምህሩ የሚሰጠው ስፍራ በስተምዕራብ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሚመልስበት የክብር ወንበር ነበር፤ ስለዚህም የቤት መምህር «ሺሺ»፥ ማለት የምዕራብ መቀመጫ፥ ባለቤቱ ደግሞ «ዶንግጂያ»፥ ማለት የምሥራቅ ቤት ይባሉ ነበር። መምህሩ ከባለቤቱ ጣሪያ ሥር ያድራል፥ ከማዕዱ ይካፈላል፥ ልጁንም የቀደሙትን ሊቃውንት መጻሕፍት በቃሉ እስኪወጣ ድረስ ያስጠናል። በየመኳንንቱ ቤት ፊደልና ዳዊት የሚያስተምር መምህር ይቀለብ እንደነበር የሚያውቅ የአገራችን ሰው፥ ይህን ልማድ ለመረዳት አይቸገርም።

ዛሬ በቤጂንግ፥ በሻንጋይ ወይም በቼንግዱ ፎቆች ውስጥ አንድ የውጭ አገር ወጣት መኝታና ምግብ አግኝቶ፥ በልዋጩ የቤቱን ልጅ እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት አኗኗር የዚያ የጥንቱ ሥርዓት የልጅ ልጅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የተለወጠው ትምህርቱ ነው። የቺንግ መንግሥት ለውጭ ጉዳይ ሥራ የሚሆኑ አስተርጓሚዎች ለማፍራት «ቶንግዌን ጓን» የተባለውን ትምህርት ቤት በቤጂንግ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1862 ነበር፤ በ1919 ደግሞ ዙፋኑን ለቆ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ይኖር ለነበረው ለወጣቱ ፑ ዪ፥ ስኮትላንዳዊው ሬጂናልድ ጆንስተን የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ገባ፤ ንጉሡም በዚያው ዘመን ሄንሪ የሚል የእንግሊዝ ስም ለራሱ ወሰደ። በዚያን ጊዜ ለንጉሥ የተሰጠውን ነገር ዛሬ የሐኪሙም የነጋዴውም ቤት ይመኘዋል። እንግሊዝኛ ከ2001 ጀምሮ ከሦስተኛ ክፍል አንሥቶ እንዲሰጥ መንግሥት አዟል፤ የልጁን ዕድል በሚወስነውና «ጋኦካኦ» በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም በአብዛኛው አገር ከ750 ነጥብ 150ው የውጭ ቋንቋ ድርሻ ሆኖ ኖሯል። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ አንድ ልጅ ብቻ እንዲወልዱ የታዘዙ ብዙ ወላጆች፥ ተስፋቸውን ሁሉ በአንድ ራስ ላይ ቢያኖሩ የሚያስገርም አይደለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ማዕዱ ነው። በመግቢያው ጫማ ይወልቃል፥ የቤት ነጠላ ጫማ ይደረጋል፤ ሙቅ ውኃ ይቀርባል፤ ምግቡ ለሁሉ በጋራ ከመካከል ይቀመጥና፥ ከልጆቿ ጋር የምትኖረው አያት ከዓሣው ወይም ከሥጋው መልካሙን ቁራጭ በቀጫጭኑ የመብያ እንጨት አንሥታ በእንግዳው ሳህን ላይ ታኖርለታለች። ይህ የእኛ ጉርሻ ወንድም ነው፤ ትርጉሙም አስተርጓሚ አያሻውም። እንጨቶቹን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ግን ለሙታን ከሚተከለው ዕጣን ጋር ስለሚመሳሰል ነውር ነው። በቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ «ጂያዎዚ» የሚባለው ሥጋ ያለበት ሊጥ በቤተሰቡ ሁሉ እጅ ሲጠቀለል፥ ልጁ «ዋን፥ ቱ፥ ስሪ» እያለ የተጠቀለለውን ይቆጥራል። «ስሪ» የሚለው ምላስን ከጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረው የእንግሊዝ ድምፅ በቻይንኛ ስለሌለ ነው፤ በአማርኛም የለምና ኢትዮጵያዊ መምህር ቢሆን ኖሮ የልጁን ድካም ከራሱ ድካም ያውቀው ነበር። ደግሞም በቻይንኛ አነጋገር እሱና እሷ የሚባሉት ሁለቱም «ታ» ስለሆኑ፥ ልጁ አያቱን «ሂ»፥ አባቱን «ሺ» ይላል። ይህን ስሕተት መጽሐፍ ከሚያርመው ይልቅ፥ አያቲቱን እያመለከቱ ሺህ ጊዜ «ሺ» የሚሉበት ወጥ ቤት ፈጥኖ ያርመዋል።

ይሁን እንጂ ልብን የሚያሙቀው ይህ ማዕድ ራሱ የክርክር ምንጭ ይሆናል። መምህሩ እንግዳ ነው ወይስ ሠራተኛ? ደመወዝ የሌለው ሥራ ሰዓት የሌለው ሥራ ይሆናልና፥ በቁርስ ጥቂት ቃል፥ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጥቂት ንባብ፥ በመኝታ ሰዓት አንድ ተረት እየተባለ ቀኑ ሁሉ ያልቃል፤ ወጣቱም ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1969 በስትራዝቡርግ የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነት እንዲህ ባለ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት በቀን ከአምስት ሰዓት እንዳያልፍ የሚያሳስብ ሲሆን፥ ቻይና ግን የዚያ ስምምነት አባል አይደለችም። እንግዲህ ሰዓቱን የሚወስነው በሁለቱ ወገን የተጻፈ ውል ብቻ ነው፤ ውል መጻፍን እንደ አለመተማመን የሚቆጥሩ ሰዎች በኋላ በፍቅር ፈንታ ቂም ይወርሳሉ።

የሕጉ ነገር ከዚህ የከበደ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የመግቢያና የመውጫ ሕግ መሠረት፥ ያለ ሥራ ፈቃድ የሚሠራ የውጭ ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ነገሩ ከከበደም ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ያሠራውም ሰው በበኩሉ ይቀጣል። ነጻ ትምህርት አግኝተው በቻይና የሚማሩ ኢትዮጵያውያን የተማሪ ፈቃድ በሥራ ፈቃድ ፈንታ እንደማያገለግል ሊያውቁ ይገባል። በ2021 የልጆችን ሸክም ለማቅለል ተብሎ በወጣው መመሪያ፥ ለትርፍ የሚሰጠው የትምህርት ቤት ነክ ጥናት ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት የትምህርት ሚኒስቴር በቤት ተቀምጦ ማስተማርን ጭምር በስም ጠርቶ ከተከለከሉት ሽፋኖች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ «ገንዘብ አልተቀበልሁም፥ የበላሁት እራት ብቻ ነው» የሚለው መልስ ያድነኛል ብሎ ማንም አይታመን።

ይህን ልዋጭ የምወደው ከልቤ ነው፤ የሰው ልጅ ለልሳን ዋጋ እንጀራ ሲቆርስ ከማየት የበለጠ ጥቂት ነገር አለና። ነገር ግን ወደዚያ ለመሄድ የምታስብ ወጣት ሆይ፥ ሻንጣህን ሳትዘጋ የፈቃድህን ዓይነት ከቻይና ኤምባሲ ጠይቅ፤ ቤተሰቡ የሚሰጥህን ክፍልና የሚጠይቅህን ሰዓት በጽሑፍ ተቀበል፤ ከቤቱም በገባህ በ24 ሰዓት ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ስምህን አስመዝግብ።