በሱዳን የተዘጋ ቧንቧ በሎሎጎ ገበያ ዋጋ የሚያንረው እንዴት ነው?

በጁባ ደቡባዊ ክፍል፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው ሎሎጎ የነዳጅ ጉድጓድ የለም። የደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣው ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ ከሱዳን ጋር በሚያዋስኑት የላይኛው ናይል እና የዩኒቲ ግዛቶች ነው። ሆኖም በአውሮፓውያኑ የካቲት 2024 ጦርነት በሚካሄድበት የሱዳን ክፍል የሚያልፈው ዋናው የነዳጅ ማስተላለፊያ ሥራ ሲያቆም፣ መዘዙን ለመረዳት የሎሎጎ ነዋሪዎች የዓለም አቀፍ ገበያ ሪፖርት ማንበብ አላስፈለጋቸውም። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና በቦቴ የሚመጣ ውሃ ዋጋቸው ሽቅብ ሲወጣ፣ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ደግሞ ለወራት ቀረ።

ይህ የሆነው በመጀመሪያ በነዳጁ ጠባይ የተነሳ ነው። ከሜሉት ተፋሰስ የሚወጣውና ‘ዳር ብሌንድ’ በሚል ስያሜ የሚሸጠው ድፍድፍ ሰም የበዛበትና ወፍራም ነው። ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደውን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ለማቋረጥ መሞቅና ሳያቋርጥ መፍሰስ ይኖርበታል። የግፊት ጣቢያዎቹ ናፍጣ ሲያጡ ነዳጁ ቧንቧው ውስጥ ረጋ፤ መስመሩም ፈነዳ። ይህ መስመር በወቅቱ ከአገሪቱ ምርት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ያስተላልፍ ነበር። ሱዳን በመጋቢት 2024 ከአቅሟ በላይ የሆነ ሁኔታ እንደገጠማት አሳወቀች፤ እገዳው የተነሳው በጥር 2025 ነው። ለአንድ ዓመት ገደማ የመንግሥት ገቢ ዋናው ምንጭ በከፊል ተደፈነ ማለት ነው።

የትኛውም አገር የወጪ ንግዱ ሲስተጓጎል ይጎዳል። በደቡብ ሱዳን ግን ከመንግሥት ገቢ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከነዳጅ የሚገኝ ነው። ለዚህም ነው ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች ይህችን አገር ሲያነሱ ሁለት የቆዩ ንድፈ ሐሳቦችን የሚጠቅሱት።

አንደኛው ‘የደች በሽታ’ ይባላል። ስያሜውን ያወጣው በ1977 ‘ዘ ኢኮኖሚስት’ መጽሔት ሲሆን፣ ኔዘርላንድስ በ1959 በግሮኒንገን ከፍተኛ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ካገኘች በኋላ የደረሰባትን ለመግለጽ ነበር። ከጋዝ ሽያጭ የገባው የውጭ ምንዛሪ የአገሪቱን ገንዘብ አጠነከረው። ገንዘቡ ሲጠነክር የፋብሪካ ምርቶቿ በውጭ ገበያ ተወደዱ፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ደግሞ ረከሰ። ሀብቱ እየጨመረ ሌላው አምራች ዘርፍ ከሳ።

ጁባ ላይ ይኸው ነገር የባሰ መልክ ያዘ። ነጻነት በታወጀበት በሐምሌ 2011 አዲሲቱ አገር ከቀድሞዋ ሱዳን የነዳጅ ምርት ሦስት አራተኛውን ይዛ ወጣች። መንግሥት የአንድን ዶላር ዋጋ በ2.95 ፓውንድ ወስኖ ለዓመታት አቆየው። በዚህ ዋጋ ከኡጋንዳ የሚመጣ ዱቄት ለጁባ ሸማች ርካሽ ሆነ፤ በአገር ውስጥ ማሽላና በቆሎ የሚያመርተው ገበሬ ግን ሊፎካከር አልቻለም። ዶላሩን በመንግሥት ተመን ማግኘት የቻለ ደግሞ በጥቁር ገበያ መልሶ በመሸጥ ያለ ምንም ምርት ይከብር ነበር። እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳቡ ብቻውን አይበቃም። የኔዘርላንድስን ገንዘብ ያጠነከረው ገበያው ሲሆን፣ የደቡብ ሱዳንን ገንዘብ አጠንክሮ ያቆየው ውሳኔ ነው፤ ከውሳኔው የሚጠቀሙ ሰዎችም ነበሩ።

በታኅሣሥ 2015 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በአንድ ጀምበር 18.5 ፓውንድ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ800 በመቶ በላይ ደረሰ። በ2025 ደግሞ አንድ ዶላር ከ4,000 ፓውንድ በላይ ይመነዘር ነበር። በሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ የዋጋ ግሽበቱን የቀመሱ ኢትዮጵያውያን የዚህን ትርጉም በከፊል ይረዱታል። ልዩነቱ ኢትዮጵያ ቡና፣ ወርቅ፣ አበባና የአየር መንገድ አገልግሎት የምትሸጥ መሆኗ ነው፤ ጁባ አንዱ ቧንቧ ሲዘጋ የምትዞርበት ሌላ በር የላትም።

በዚያው በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው፣ ሸቀጥ አስመጥተው የሚነግዱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂት አይደሉም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ከነጻነቱ በፊት፣ ከ2009 ጀምሮ በከተማዋ ቅርንጫፍ ከፍቷል። እነዚህ ነጋዴዎች የሚሸጡት በፓውንድ፣ የሚገዙት በዶላር ነው። ዕቃው ተሸጦ ዶላር እስኪገኝ ድረስ በእጃቸው ያለው ፓውንድ ዋጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚለጥፉት ዋጋ የነገውን ምንዛሪ የሚገምት ይሆናል። ደንበኛው ነጋዴውን ስግብግብ ሲል፣ ነጋዴው ግን የሚያሰላው የሚቀጥለውን ጭነት ነው። የነዳጅ ገቢ የተቋረጠበት መንግሥት ገንዘብ እያተመ ወጪውን ለመሸፈን ሲሞክር ደግሞ ብዙ ገንዘብ ጥቂት ዕቃን ያሳድዳል።

ሁለተኛው ንድፈ ሐሳብ ስለ ጎረቤት ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ፖል ኮሊየር በ2007 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ወደብ አልባ መሆን ብቻውን አገርን እንደማያደኸይ ይከራከራሉ። ስዊትዘርላንድም ወደብ የላትም፤ የምትጠቀመው ግን የጀርመንንና የጣሊያንን መንገድና ወደብ ነው። ድሃው አገር የሚወሰነው በጎረቤቱ መሠረተ ልማትና ሰላም ነው። ደቡብ ሱዳን ይህንን የተማረችው ገና በጠዋቱ ነበር። በጥር 2012 ከካርቱም ጋር በማስተላለፊያ ክፍያ ተጣልታ በቀን 350,000 በርሜል ገደማ የነበረውን ምርቷን ራሷ ዘጋች። ስምምነት የተደረሰው በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ ላይ ሲሆን፣ ነዳጁ እንደገና የፈሰሰው በ2013 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ።

መውጫ አልታሰበም ማለት አይቻልም። በመጋቢት 2012 ሳልቫ ኪር፣ የኬንያው ምዋይ ኪባኪና የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊ ላሙ ላይ ተገኝተው ‘ላፕሴት’ የተባለውን ፕሮጀክት አስጀመሩ፤ በውስጡም ከደቡብ ሱዳን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ነበረበት። የላሙ ወደብ የመጀመሪያ ማረፊያ በ2021 ሥራ ጀመረ፤ ቧንቧው ግን እስካሁን አልተዘረጋም። ምርቱ እያነሰ ባለበትና ጦርነት በተደጋገመበት አገር በቢሊዮን ዶላር የሚገመት ቧንቧ የሚዘረጋ ባለሀብት ማግኘት ከባድ ነው።

ተቃርኖው ጎልቶ የሚታየው ራሱ ሎሎጎ ላይ ነው። በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በግንቦት 2022 የተመረቀው ‘የነጻነት ድልድይ’ ይህንን አካባቢ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉምቦ ጋር ያገናኛል። ግንባታው በ2013 እና በ2016 በጁባ ውጊያዎች ተቋርጦ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ወደ ኡጋንዳ ድንበር ወደ ኒሙሌ የሚያወጣው 192 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ አለ፤ የከተማዋ ቤንዚንና ናፍጣ በአብዛኛው የሚገባውም በዚህ መንገድ፣ ከሞምባሳ ተነስቶ በቦቴ ነው። ድፍድፉ በሰሜን ወጥቶ ይሸጣል፤ የተጣራው በደቡብ ተገዝቶ ይገባል። ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲጨምር መንግሥት ገቢ ሲያገኝ፣ ጀነሬተር የሚያንቀሳቅሰው ሱቅና ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ወጪያቸው ይጨምራል።

ነዳጅ ሁልጊዜ እርግማን ነው ማለት ግን አይደለም። ኖርዌይ በ1990 ባወጣችው ሕግ የነዳጅ ገቢዋን በውጭ አገር የሚያፈስ ፈንድ አቋቁማለች። ደቡብ ሱዳንም በ2013 ባወጣችው የነዳጅ ገቢ አስተዳደር ሕግ ለመጪው ትውልድ የሚቀመጥ ቁጠባ፣ ነዳጅ ለሚወጣባቸው ግዛቶች 2 በመቶ፣ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ደግሞ 3 በመቶ እንዲሰጥ ደንግጋለች። ሕጉ ጥሩ ነው። ችግሩ ገቢው ከመድረሱ በፊት ገና ያልወጣ ነዳጅ በብድር መሸጡ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2025 ባወጣው የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት አገሪቱን ከ193 አገራት የመጨረሻ ላይ አስቀምጧታል።

በታኅሣሥ 2025 የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ የዩኒቲ ግዛት ነዳጅ የሚስተናገድበትን ሄግሊግን ሲቆጣጠር፣ የሱዳን ወታደሮችና የነዳጅ ሠራተኞች ድንበር ተሻግረው ደቡብ ሱዳን ገቡ። ሥፍራውን የደቡብ ሱዳን ጦር እንዲጠብቀው ከሁለቱም ተፋላሚዎች ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጁባ ገቢዋን ለማስቀጠል በሌላ አገር ምድር ዘብ መቆም ነበረባት።