ሙዙን የሚያበስለው ዋጋውን ይቆርጣል

ስለ አርባ ምንጭ ሙዝ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ደላላው ላይ ያርፋል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚቀበለውና የአዲስ አበባ ሸማች የሚከፍለው ዋጋ ያልተቀራረበው ደላላ መሀል ስለገባ ነው ይባላል፤ መፍትሔውም እሱን ከሰንሰለቱ ማውጣት እንደሆነ በየስብሰባው ይነገራል። አባባሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሚዛን የሚያጭበረብርም፣ ተመካክሮ ዋጋ የሚጥልም አለ። ግን አርባ ምንጭ ያለችበት የጋሞ ዞን በ2011 ዓ.ም. ከጋሞ ጎፋ ተከፍሎ ለብቻው ቆሟል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባል አዲስ ክልል ተመሥርቷል። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው ይህን ያህል ሲቀያየር የሙዙ ንግድ ከገበሬ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ አዲስ አበባው ጅምላ ነጋዴ የሚፈስበት መንገድ ያው ከሆነ፣ ምክንያቱን በሰዎች ስግብግብነት ብቻ መፈለግ አያዋጣም። ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ምክንያት ጊዜ ይመስለኛል፤ ሸቀጡን ወይም ገንዘቡን ይዞ ጥቂት ቀን መቆየት የሚችለው ማን ነው የሚለው።

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባሉት በጫኖና በላንቴ በመስኖ የሚለማው ሙዝ የሚቆረጠው ጥሬውን፣ አረንጓዴ ሳለ ነው። ገበሬው ዘለላውን ግንዱ ላይ ትንሽ ሊያቆየው ይችላል፤ ሲበዛ ግን እዚያው መብሰል ይጀምራል፣ እንዲህ ያለው ሙዝ ደግሞ መንገድ አይችልም። ስለዚህ ይቆረጣል፣ በሙዝ ቅጠል ተደግፎ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ እንደ መንገዱ ምርጫ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አርባ ምንጭ ሞቃት ናት፤ የተቆረጠ ሙዝ በዚያ ሙቀት ብዙ አይሰነብትም። አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ሙዝ በወጉ የሚበስለው ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የሙቀት መጠን ሲሆን፣ የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ወርዶ ልጣጩን እንዳያጠቁረው ነጋዴው ሙዙን በተዘጋ ክፍል ይደረድርና ነጭ ጋዝ ያነድበታል። ምድጃው ክፍሉን ያሞቃል፤ ጭሱ የያዘው የኤቲሊን ጋዝ ደግሞ ፍሬው ሁሉ እኩል እንዲበስል ያደርገዋል። ለሠራተኛው ሳንባም ሆነ ለእሳት አደጋ የሚያሳስብ አሠራር ነው፤ ግን ሥራውን ይሠራል። ሙዙ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ለቸርቻሪ ይወጣል። የክፍሉ ባለቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ማብሰሉን ያዘገያል፣ ሲሞቅ ያፈጥናል። ከጫኖ እስከ ጉሊት ባለው ሰንሰለት ይህን ማድረግ የሚችል ሌላ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ማሳ ድረስ የሚሄደው ደላላ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው የራሱን ሳይሆን የዚህን ሰው ገንዘብ ነው፤ የቀኑን ዋጋም የሚሰማው ከእሱ በስልክ ነው።

የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና እነሱን ያቀፈው ዩኒየን ይህን ሰንሰለት ሊያሳጥሩ ተቋቁመው ሳለ ገበያውን ያልጠቀለሉት ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ የአስተዳደር ድክመት ነው። ድክመት አይጠፋም፤ ሆኖም እንከን የሌለው አስተዳደር ቢኖርም አንድ ችግር ይቀራል። ደላላው ሙዙ ሲመዘን እጅ በእጅ ይከፍላል። ማኅበሩ ሸጦ፣ ሰብስቦ፣ አስልቶ ነው የሚከፍለው። ትንሽ የተሻለ ዋጋ ቢሰጥ እንኳ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የታመመ ልጅ ያለበት አባል ሙዙን ለደላላው ቢሰጥ ከሃዲ አይባልም። ማኅበሩ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ለመበደር ቢፈልግ ደግሞ በመያዣነት ሊያቀርብ የሚችለው ትንሽ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በሕግ ደረጃ በር ከፍቷል፤ ግን በሳምንት ውስጥ የሚበላሽ ፍሬ የትኛውን ባንክ ያሳምናል? ቡናና ሰሊጥ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ውስጥ የገቡት ደረጃ ወጥቶላቸው መጋዘን ውስጥ መቆየት ስለሚችሉ ነው። በስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዓመታዊ ጥናቶች በአገሪቱ በፍራፍሬ ከተሸፈነው መሬት ከግማሽ በላዩን ይዞ የኖረው ሙዝ ግን እንዲህ ያለ ገበያ የለውም።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል። መበላሸት ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ፣ የማይበላሽ ዕቃ የሚሠራው የዶርዜ ሸማኔ ለምን አልተሻለውም? ጥበቡ ወር ቢቀመጥ አይሻግትም፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ሱቅ ከያዘው ነጋዴ ጋር ሲደራደር ግን አቅሙ ከሙዝ አምራቹ እምብዛም አይበልጥም። ነገሩ ሸማው ባይበላሽም ሸማኔው መቆየት አለመቻሉ ነው። ድርና ማግ በዱቤ የወሰደ፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው የሠራውን በሳምንቱ መሸጥ አለበት፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ነጋዴ ግን በዓል እስኪደርስ ይጠብቃል። ከቆላው ጫኖ ወደ ደጋው ጨንቻ ሲወጣም ሌላ ማስረጃ አለ። የጨንቻ ገበሬ ከፖም ፍሬው በላይ የተዳቀለ ችግኝ በመሸጥ ነው ጥሩ ገንዘብ ያየው። ችግኝ ቢያድር አይረክስም፤ ገዥዎቹም መንግሥታዊና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለነበሩ በብዛት ያዝዙ ነበር።

ይህ ሁሉ ደላላውን ነፃ አያወጣውም፤ በአዋጅና በዘመቻ ማባረር የሚያመጣው ውጤት ግን ያሳስበኛል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአዲስ አበባው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ፣ አትክልት ተራ፣ ከፒያሳ ተነቅሎ ጃንሜዳ ሄደ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ከዚህ የከበደ መናወጥ ለአንድ ገበያ የለም። ቦታው ተቀየረ፤ የማብሰያ ክፍሉና ጥሬ ገንዘቡ ያላቸው ሰዎች ግን አልተቀየሩም። ደላላውን ዛሬ ከጫኖ ብናስወጣው ሙዙ ነገ ይቆረጣል፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰውም ያስፈልጋል። በዚያ ቀን ክፍተቱን የሚሞላ ከሌለ የሚጎዳው መጀመሪያ ገበሬው ነው።

ማብሰያውን አርባ ምንጭ መገንባት የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሥራም ይፈጥራል። ነገር ግን የበሰለ ሙዝ ያን ሁሉ መንገድ በአይሱዙ ተንጦ ሲደርስ ግማሹ ጠቁሮ ይወርዳል፤ ለከተማዋና ለአካባቢው ገበያ እንጂ ለአዲስ አበባ አይሆንም። ዩኒየኑ ክፍል የሚያስፈልገው አዲስ አበባ፣ ኃይሌ ጋርመንት አጠገብ ነው፤ በነጭ ጋዝ ጭስ ሳይሆን ሙቀቱና አየሩ በቁጥጥር ሥር በሆነ ክፍል። ከዚያም በላይ ሙዙ ተጭኖ፣ በስሎ፣ ተሸጦ ገንዘቡ እስኪመለስ ባሉት አሥር ቀናት ገደማ ለአባሉ ሚዛን ላይ እጅ በእጅ የሚከፍል ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይፈልጋል። ክፍሉን የሚገነባ ለጋሽ አይጠፋም፤ የሚመረቅ ሕንፃ ነውና። ያን ተዘዋዋሪ ገንዘብ የሚያበድር ባንክ ወይም የሚመድብ የዞን በጀት ግን ከደላላው በፊት መጠየቅ ነበረበት።