የፒርሎ ሦስት ጣቶችና የሆላንዶቹ መጠይቅ

አንድሪያ ፒርሎ በኤሲ ሚላን ማሊያ በደመቀባቸው ዓመታት አንድ ሰው እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ሰውየው የሊዮኑ ብራዚላዊ ጁኒንሆ ፔርናምቡካኖ ነው። ጁኒንሆ ቅጣት ምት ሲመታ ኳሷ ሳትሽከረከር ትሄድና አየር ላይ አቅጣጫ ትቀይራለች፤ በረኛው ደግሞ ቆሞ ይቀራል። ፒርሎ የሰውየውን ቪዲዮና ፎቶግራፍ ሰብስቦ ደጋግሞ አየ። ከዚያ ሚላኔሎ ልምምድ ሜዳ ሄዶ ሞከረ፤ ኳሶቹ በአጥር ላይ እየዘለሉ ጠፉ። በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። በመጨረሻ መፍትሔው የመጣለት (ራሱ በግለ ታሪኩ እንዳጫወተን) መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው። ለካስ ቁም ነገሩ ኳሷ የት ቦታ ትመታ ሳይሆን እንዴት ትመታ ነው፤ ጁኒንሆ ኳሷን የሚነካት በሦስት የእግር ጣቶቹ ብቻ ነበር። ፒርሎ በማግስቱ በጠዋት ወደ ሜዳ ሮጠ፣ መታ፣ አገባ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። እኛ ሁሌም የምናደንቀው ጎሉን ነው። ከጎሉ በፊት ስላለው ግን ምን ያህል እናስባለን? ሰውየው የሚፈልገውን ለይቶ አውቋል፣ ሲሞክር ራሱን ተከታትሏል፣ ሲስት «ዛሬ ዕድል የለኝም» ብሎ አልሄደም፤ የሳተበትን ምክንያት ፈልጎ ዘዴውን ቀይሯል። ማንም አሰልጣኝ አላዘዘውም። የስፖርት ሳይንስ ሰዎች ይህን «የራስን ትምህርት ራስ መምራት» ይሉታል። ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ ፍጥነት በሰዓት ይለካል፣ ዝላይ በሜትር ይለካል፣ ይሄኛው በምን ይለካል?

መልስ ፍለጋው በስፋት ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ የሆላንዷ ግሮኒንገን ናት። የእግር ኳስ አፍቃሪ ከተማዋን አያጣትም፤ አርየን ሮበን የተነሳው፣ ሉዊስ ሱዋሬዝም አውሮፓ ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ክለብ ነው። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቲንከ ቶሪንግ፣ ማሪየ ኤልፈሪንክ ገምሰርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 444 ታዳጊ ተጫዋቾች መጠይቅ አስሞሉ። 159ኙ በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ ናቸው፤ 285ቱ ደግሞ ከዚያ በታች ባለ ደረጃ ኳስ የሚጫወቱ እኩዮቻቸው።

መጠይቁ ስድስት ነገሮችን ያያል፦ ማቀድ፣ እየሠሩ ራስን መከታተል፣ ውጤትን መገምገም፣ መለስ ብሎ ማሰብ፣ ጥረትና «እችላለሁ» የሚል እምነት። ልጁ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያነበበ ምን ያህል እሱን እንደሚገልጸው ቁጥር ይሰጣል።

ውጤቱ ሲታይ ሁለቱን ቡድኖች የለዩት ሁለት ነገሮች ሆነው ተገኙ፤ ጥረትና መለስ ብሎ ማሰብ። ጥረቱ አይገርምም፣ ሁሉም አሰልጣኝ የሚጮኸው ስለ እሱ ነው። ሁለተኛው ግን ልብ ይባል። ጠንካራና ደካማ ጎኑን የሚያውቅ፣ ካወቀም በኋላ እውቀቱን ለሚቀጥለው ልምምድ የሚጠቀምበት ልጅ በከፍተኛው ቡድን ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው። እዚያው ግሮኒንገን ላውራ ዮንከርና ባልደረቦቿ በ2010 በተለያዩ ስፖርቶች ላይ ባወጡት ጥናትም ለሀገራቸው በታዳጊ ደረጃ ዓለም አቀፍ ውድድር የደረሱት በሀገር ውስጥ ደረጃ ካሉት የበለጡት በዚሁ መለስ ብሎ በማሰብ ነው። በነገራችን ላይ በዚያ ጥናት የግል ስፖርተኞች በማቀድና በጥረት የቡድን ስፖርተኞችን በልጠው ተገኝተዋል። ለሯጮች ሀገር ሰው ይህ ብዙም አይደንቀውም መሰለኝ። ሯጭ የሚደበቅበት ቡድን የለውማ!

እኔ ራሴ የሰፈር ሜዳ ተጫዋች ሆኜ ግራ እግሬ እንደማይሠራ አሳምሬ አውቅ ነበር። ግን ልምምድ ስንወጣ የምመታው ሁሌም በቀኝ ነው፤ በቀኝ ስመታ ይጨበጨብልኛላ። በግሮኒንገኖች ሚዛን ድክመትን በማወቅ አልወድቅም፣ የምወድቀው ያወቅሁትን በመሥራት ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ «ከልምምድ በኋላ ስህተቴን አስባለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አምስት ስለሰጠ በእርግጥ ያስባል? ሊዋሽ ይችላል። ሳይዋሽም ራሱን አሳምሮ ሊያይ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህ አልጠፋቸውም። ቶሪንግና ባልደረቦቿ በ2012 መጠይቁ ራሱ ምን ያህል እምነት እንደሚጣልበት የሚፈትሽ ጥናት አሳትመዋል። ከዚያ ቀደም ብለው ደግሞ ታዳጊዎቹን ልምምድ ላይ ተመልክተው በወረቀት ያሉት በሜዳ ይታይ እንደሆነ ለማየት ሞክረዋል። ሌላም ጉድለት ነበር፤ የመጀመሪያው መጠይቅ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት በጥቅሉ ነው። ካናዳ ውስጥ ብራድሊ ያንግና ባልደረቦቹ ጥያቄዎቹን በቀጥታ ስለ ስፖርት ልምምድ እንዲሆኑ አድርገው አስተካከሏቸው። ክፍል ውስጥ የሚያቅድ ልጅ ሜዳ ላይ ያቅዳል ብሎ መደምደም አይቻልምና።

ለእኔ ከሁሉም የጣመኝ ግን የአሜሪካኖቹ መንገድ ነው። ቲሞቲ ክሊሪና ባሪ ዚመርማን በ2001 ባሳተሙት ጥናት የቅርጫት ኳስ ታዳጊዎችን ነፃ ውርወራ እያስወረወሩ እዚያው ሜዳ ላይ ጠየቋቸው። ሳይወረውሩ «ግብህ ምንድነው?»፣ ሲስቱ «ለምን ሳትክ?»። የተካኑት ልጆች ግባቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሲስቱም ምክንያቱን በአወራወር ዘዴያቸው ላይ ይፈልጋሉ። ጀማሪዎቹ እንዲህ አይደሉም። ጥያቄው የሚመጣው ነገሩ ገና ትኩስ እያለ ስለሆነ ከሳምንት በኋላ አስታውሶ ከመሙላት ይሻላል። ችግሩ ጊዜ መፍጀቱ ነው፤ 25 ልጅ ይዞ ለብቻው የሚያሠራ አሰልጣኝ ለእያንዳንዱ ምት ቃለ መጠይቅ ሊያደርግ አይችልም።

ሌላም ያልተፈታ ቋጠሮ አለ። የ2009ኙ ጥናት ሁለቱን ቡድኖች በአንድ ወቅት ጎን ለጎን አይቶ ያነፃፀረ ነው። ታዲያ ልጁ ስለሚያስብ ነው ትልቁ ቡድን የገባው ወይስ ትልቁ ቡድን ስለገባ ማሰብ ተማረ? ጥሩ አካዳሚ ውስጥ አሰልጣኙ በየዕለቱ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ይላል። ሰፈር ሜዳ ላይ ያለውን ልጅ ማን ይጠይቀዋል? እንግዲህ አንድ ክለብ ይህን ወረቀት ይዞ ልጆችን «አንተ ግባ፣ አንተ ውጣ» ማለት ቢጀምር የሚያባርረው ማሰብ የማይችለውን ሳይሆን ጠያቂ ያላገኘውን ሊሆን ይችላል። ደግሞ መባረር እንዳለ የሰማ ልጅ ሁሉ በማግስቱ ለሁሉም ጥያቄ ከፍተኛውን ቁጥር ይሰጣል፤ ያኔ ወረቀቱ ምንም አይለካም።

ስለዚህ መጠይቁ ለምልመላ ከሚውል አሰልጣኙ ልጁን የት ላይ ልርዳው ብሎ ቢያየው ይሻላል ባይ ነኝ። ማቀዱ ጥሩ ሆኖ መለስ ብሎ የማያስበውን፣ ጥረቱ የሞላ ሆኖ ግን ሁሌም ያንኑ ቀኝ እግሩን የሚደበድበውን መለየት ይቻላል። ወረቀት ለሌለውም የክሊሪና የዚመርማን ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ ቅጣት ምቱን ከአግዳሚው በላይ ሲሰድ «ምን ዓይነት ምት ነው ይሄ!» ከማለት «ለምን ወጣች?» ማለት፣ ከዚያም መልሱን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።