ዲቴክተሩ ወርቅን አያውቅም

የአዲስ አበባ ሰው ከሜታል ዲቴክተር ጋር በየቀኑ ይገናኛል። ባንክ ሲገባ፣ ሆቴል ሲገባ፣ ፈታሹ ያቺን አጭር ጥቁር መሣሪያ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያወርድበታል፤ ኪሱ ጋ ስትደርስ ትጮኻለች፤ "ቁልፍ ነው?" ይባላል፤ "አዎ" ይላል፤ ያልፋል። ይህችው መሣሪያ እጀታዋ ረዝሞ፣ ጫፏ ላይ ክብ ሳህን ተገጥሞላት ወደ መሬት ስትዞር ግን የሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ተቀበረ ሀብት ይሄዳል። ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ግቢው ውስጥ ዲቴክተር ይዞ የሚዞር ሰው ቢታይ፣ ጎረቤቱ ከአጥር ማዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጣሊያን የቀበረውን አገኘኸው ወይ?" ብሎ ነው።

ጎረቤትየው ያልገባው አንድ ነገር አለ። ዲቴክተር ወርቅን ከቆርኪ ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ከሥሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መኖሩን ነው፤ የቀረውን መገመት ያለበት የያዘው ሰው ነው። የትርፍ ጊዜ ጀማሪ በርካሽ መሣሪያ ደህና አድርጎ መሥራት የሚችለውም ለዚህ ነው።

ሳህኑ ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች አሉ። በአንደኛው ውስጥ አቅጣጫውን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ በጀማሪዎች ዘንድ የታወቀው ጋሬት ኤስ 250 ለምሳሌ በሰከንድ 6,500 ዙር ይሠራል። ኤሌክትሪኩ ሲቀያየር በዙሪያው ያለው መግነጢሳዊ መስክም አብሮ ይቀያየራል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው ደግሞ፣ የሚቀያየር መግነጢሳዊ መስክ በአጠገቡ ባለ አስተላላፊ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። አፈር ውስጥ ሳንቲም ካለ በሳንቲሙ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሳሉ፤ አዙሪቶቹም በተራቸው የራሳቸውን ደካማ መስክ ያወጣሉ። ሁለተኛው ጥቅልል የተቀመጠው ይህን ደካማ መልስ እንዲያዳምጥ ነው። ነገሩ ከገደል ማሚቶ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ ጥቅልል ይጮኻል፣ ሌላው የሚመለሰውን ይሰማል።

መልሱ የሚመጣው ትንሽ ዘግይቶ ነው። የመዘግየቱ ልክ እንደ ዕቃው ዓይነት፣ መጠንና ውፍረት ይለያያል። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፉ አዙሪቱ በውስጣቸው ቶሎ አይከስምም፤ ስለዚህ መልሳቸው በጣም ይዘገያል። ስስ ፎይል ውስጥ ወዲያው ይከስማል። ብረት ደግሞ ከአዙሪቱ በተጨማሪ ራሱ ማግኔት ስለሚሆን መልሱ ከሌሎቹ ይለያል። በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር፣ ወይም የሚሰማው ወፍራምና ቀጭን ድምፅ፣ የዚህ ልዩነት መለኪያ ነው እንጂ የዕቃው ስም አይደለም።

ይህን ለማየት ወደ ሜዳ መሮጥ አያስፈልግም። መሣሪያው በተገዛ ዕለት ሳህኑን ወደ ላይ አዙሮ ሚስማር የሌለበት እንጨት ላይ ማስተኛት፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ከላዩ ማሳለፍ ይበቃል። የእጅ ሰዓትና ቀለበት መጀመሪያ ይውለቁ። ሚስማር ዝቅተኛውን ቁጥርና ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። የሲጋራ ፓኮ ፎይል ከሱ ከፍ ይላል። አሁን የጋብቻ ቀለበትዎን ያሳልፉ፦ ቁጥሩ የሚያርፈው ፎይሉና የጣሳ መጠጥ መክፈቻው ባሉበት አካባቢ ነው። ስለዚህ "ቆሻሻ አያስጩኸኝ" ብሎ የፎይሉን ቁጥር የዘጋ ሰው ቀለበቱንም አብሮ ዘግቷል።

ሳንቲሞቻችን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ባለ 25ና ባለ 50 ሳንቲሞች የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነበሩ፤ ማግኔት አይስባቸውም፤ ዲቴክተሩም ላይ መሐል አካባቢ ረጋ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ። በኋላ የመጡት በብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ማግኔት ይስባቸዋል፤ ድምፃቸውም ይወላውላል። በንጉሡ ዘመን በ1936 ዓ.ም. የተቀረጹት ላይ ደግሞ 25 ሳንቲሙ መዳብ፣ 50 ሳንቲሙ ብር ነበር። መዳቡን ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ሒሳብ የሚያሳልፉ ሰዎች ስላስቸገሩ የ25ቱ ጠርዝ በኋላ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ። ዲቴክተር ይዞ ለሚመጣ ሰው ያ ማጭበርበር ዛሬም ይሠራል፤ መዳብና ብር በማስተላለፍ አቅማቸው በጣም ስለሚቀራረቡ ሁለቱም ከፍተኛውን ቁጥር ይጮኻሉ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ግን ማርትሬዛ ነው። 28 ግራም የሚመዝን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነ፣ መቼም ይመታ መቼም 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ያ ትልቅ ገንዘብ ለማንኛውም ርካሽ ዲቴክተር ደስታው ነው።

ጥልቀትን በተመለከተ ሻጮች የሚያወሩት ብዙ ነው፤ "ሦስት ሜትር ይገባል" የሚል ማስታወቂያ እንግዳ አይደለም። ፊዚክሱ ግን ጨካኝ ነው። ከጥቅልሉ ራቅ ሲባል መስኩ በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ይዳከማል፤ የሚመለሰው መልስም እንዲሁ። ሁለቱ ሲባዙ፣ ሳንቲሙ በእጥፍ ጠልቆ ሲገኝ የሚደርሰው ምልክት ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ሳንቲምን የሚያገኘው በግምት የራሱን ስፋት ያህል ጥልቀት ድረስ ብቻ የሆነው። ዋጋውን እጥፍ ቢከፍሉ ጥልቀቱ እጥፍ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ስታፎርድሺየር ውስጥ ቴሪ ኸርበርት የተባለ ሰው 4 ኪሎ የሚጠጋ ጥንታዊ ወርቅ ያለበትን ክምችት ከእርሻ ማሳ ላይ ያገኘው 14 ዓመት ባገለገለ አሮጌ ዲቴክተር ነበር። ወርቁ ጠልቆ አልነበረም።

ጎፋ ላይ ከጥልቀት ይልቅ የሚያስቸግረው አፈሩ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው። ባሳልት ሲፈርስ የሚሆነው ቀይም ጥቁርም አፈር ማግኔታይትን የመሰሉ የብረት ማዕድናት ይዟል፤ እነዚህም ሳንቲም ሳይኖር ሳህኑን ያነጋግሩታል። መካከለኛ መሣሪያዎች ይህን የአፈር ድምፅ ለክቶ የሚቀንስ ማስተካከያ አላቸው፤ በጣም ርካሾቹ ግን ፋብሪካ ላይ ለለዘብተኛ አፈር ተስተካክለው የወጡና የማይነካኩ ናቸው። እንዲህ ያለው መሣሪያ እዚህ ሲበራ ያለ ምክንያት ይንጫጫል። መፍትሔው የመስማት ኃይሉን ማስተካከያ (ብዙዎቹ ላይ በእንግሊዝኛ Sensitivity ተብሎ የተጻፈውን) ድምፁ እስኪረጋ ዝቅ ማድረግ ነው። ትንሽ ጥልቀት ይቀራል፤ ነገር ግን ከሚዋሽ መሣሪያ አጠር ብሎ የሚያይ ይሻላል። ከፍተኛ የመብራት መስመር ሥር ሲደርሱም ያው ነው።

ሌላው ፌሮ ነው። ይህ ሰፈር ላለፉት ሃያ ዓመታት ሲፈርስና ሲገነባ የኖረ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ወለል ሥር፣ የአጥር ጥግ፣ የመንገድ ዳር አፈር ሁሉ የፌሮ ቁራጭ፣ የማሰሪያ ሽቦና የቆርቆሮ ሚስማር ሞልቶታል። ኮንክሪት ወለል ላይ ዲቴክተር ማብራት ትርጉም የለውም። በዚህ ጉዳይ ጀማሪው ብቻውን አይደለም፤ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንኳ ተሸንፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ሐኪሞች ጥይቱ ያለበት ሲጠፋባቸው፣ ቤል ራሱ የሠራውን ዲቴክተር ይዞ መጣ። መሣሪያው በሌሎች ሰዎች ላይ ሲሞከር ሠርቶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ላይ ግን እዚህም እዚያም ጮኸ። ከሥራቸው ያለው ፍራሽ የብረት ሽቦ እንደነበረው የታወቀው በኋላ ነው። ጋርፊልድ በመስከረም ሞቱ።

ስለዚህ ምርጡ መለማመጃ የራስ ግቢ ሣር ወይም አትክልት ቦታ ነው። ሳህኑን መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከፍ አለማድረግ፣ ይህን የማይሳሳት ጀማሪ የለም። ድምፅ ሲሰማ በዘጠና ዲግሪ ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ማሳለፍ። ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ቢቆፈር አያስቆጭም፤ ሲሄዱ ጮኾ ሲመለሱ ዝም የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የታጠፈ ሚስማር ነው። የዛገ ቆርኪ ግን ያታልላል፤ ጠፍጣፋና ክብ ስለሆነ እንደ ሳንቲም አምሮ ይጮኻል። በመጀመሪያው ወቅት ከሚሰበሰበው አብዛኛው ለቁራሌው የሚሆን ነው። የጠፋ ቀለበት፣ ቁልፍ፣ አፈር የዋጠው የወሰን ብረት ወይም የውሃ ቧንቧ ለጎረቤት ፈልጎ ማግኘት ግን ይህ መሣሪያ በእርግጥ የሚጠቅምበት ሥራ ነው። የዛሬው የፕላስቲክ ቱቦ አይሰማም፤ የድሮው ብረት ቱቦ ይሰማል።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ ደርግ በወደቀ በቀናት ውስጥ፣ በንፋስ ስልክ የነበረ የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ብዙ ሰው ሞቷል። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው፣ የሥራ ባልደረባው ጆን ማታይም የሞተው በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ፍንዳታ ነበር። የደቡብ አዲስ አበባ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያስታውሳል። ዲቴክተር ለቀለሃም፣ ለቦምብም፣ ለማርትሬዛም እኩል ደስ ብሎት ይጮኻል። መሬት ውስጥ ጥይት፣ ቦምብ ወይም ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሲሊንደር መሰል ብረት ከታየ ቁፋሮው እዚያው ይቁም፤ አይነካ፣ አይጠረግ፣ ፎቶ ለማንሳት አይጠጋ፤ ፖሊስ ይጠራ። ፈንጂ ማምከን የሠለጠኑ ሰዎች ሥራ ነው። ፖላንዳዊው መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ ያሻሻለው በእጅ የሚያዝ ፈንጂ ጠቋሚ እ.ኤ.አ. በ1942 ኤል አላሜይን ላይ የብዙ ወታደር ሕይወት ያተረፈው ምልክት የሰማው ሰው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አክሱም ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሳንቲም ከማሳው ብቅ ይላል፤ ያ ሳንቲም ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከየትኛው ግንብ ሥር እንደወጣ ካልተመዘገበ ለታሪክ ተመራማሪ ግማሽ ዋጋው ጠፍቷል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና መቃብር ቦታ ዲቴክተር ይዞ መግባት ደግሞ ከሕጉም በፊት ነውር ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ባለው የቅድመ ታሪክ ቦታ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ ቢያበሩት ደግሞ የሚፈለገውን ነገር አይሰሙም፤ እዚያ ያለው ቅርስ በአብዛኛው ድንጋይ ነው።

ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ቤኒሻንጉልና ጉጂ ድረስ ይዘልቃሉ። እዚያ የሚያስፈልገው ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ዋጋና የማዕድን ፈቃድ ነው። በ6 ወይም 8 ኪሎኸርዝ የሚሠራ የሳንቲም ዲቴክተር የወርቅ ብናኝ አይሰማም፤ ብናኝ በገበቴ ይታጠባል እንጂ በድምፅ አይገኝም። ከዚህ የባሰው "ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅን ይጠቁማል" እየተባለ የሚሸጠው ባለ አንቴና መሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ጀምስ ማኮርሚክ ተመሳሳይ አንቴና ቦምብ ይጠቁማል ብሎ ለኢራቅ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ሸጦ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል፤ የመሣሪያው መነሻ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል ተብሎ የሚሸጥ መጫወቻ ነበር።

ስለዚህ ለጎፋ ጀማሪ የእኔ ምክር ይኸው ነው። ከ100 እስከ 300 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ፣ የአፈር ማስተካከያ ያለው፣ ሳህኑ 25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ቁጥርም ድምፅም የሚሰጥ መሣሪያ ይበቃል። ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ አስቀድመው ጉምሩክን ይጠይቁ። ከዋጋው የተረፈውን ለማዳመጫና ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ለሚጠቁም የእጅ ፒንፖይንተር ያውሉት፤ የቆፈሩትን ደግሞ ሣሩን መልሰው ይድፈኑ፤ የመሬቱ ባለቤት ሁለተኛ የሚያስገባዎት ያን አይቶ ነው።