ለማን ነው የምትሮጡት?

ስለ ሩጫ ሲነሳ እኛ ቤት ቶሎ የሚታወሰው ወርቅ ነው፤ አበበ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ። የበጎ አድራጎት ሩጫ ግን «ስንተኛ ወጣህ?» አይልም። የሚጠይቀው «ለማን ሮጥክ?» ብሎ ነው።

እስቲ ለልጆቻችሁ የካናዳዊውን ወጣት የቴሪ ፎክስን ታሪክ ንገሯቸው። በ18 ዓመቱ የአጥንት ካንሰር ይዞት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሆስፒታል ተኝቶ ያያቸው ሌሎች ሕሙማን ግን ከልቡ አልወጡም። በ1980 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ሊያሰባስብ፣ በሰው ሠራሽ እግሩ ካናዳን ለማቋረጥ ተነሳ። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ከዚያ ካንሰሩ ሳንባው ደርሶ አስቆመው፤ በዓመቱ በ22 ዓመቱ አረፈ። መንገዱን አልጨረሰም። ዛሬም ግን በስሙ በየዓመቱ ይሮጣል፤ የመመዝገቢያ ክፍያ የለውም፣ በእርምጃም ይቻላል።

እኛ በዕድርና በጥየቃ ያደግን ሰዎች ነን። በስደት ግን ፈረቃው አያላውስም፤ አገር ቤት ያለች እናት ስትታመም ደግሞ ከስልክ በቀር ምን አለን? 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ እሷን አያድናትም። ለሌላ ሕመምተኛ ግን ይደርሳል፤ እናንተንም እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ያወጣችኋል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ከልጆቹ ጋር ተማከሩ። ገንዘቡ የት እንደሚውል አጣሩ። ልምምዱን ሮጥ፣ ራመድ እያላችሁ ጀምሩ። የምትሮጡለትን ሰው ስም ጽፋችሁ ከቲሸርታችሁ ጀርባ ለጥፉ። ልጃችሁ «ለአያቴ» ካለ፣ ስለ አያቱ የምታወሩበት መንገድ ተከፈተላችሁ ማለት ነው።