«አያመኝም እኮ!» — እህቴን ያዘናጋት ቃል

ወጣት አንባብያን፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምንም ሳያማችሁ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ? አትሄዱም! እህቴም አልሄደችም።

ታላቄ ናት። ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ጠጣር እብጠት ዳሰሰች። ስትጫነው አያምም። «ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ?» ብላ ተወችው። ቀለበት አስራ ለሰርጓ ሽር ጉድ የምትልበት ጊዜ ስለነበር ለእጮኛዋም ሆነ ለእናታችን አልተነፈሰችም። ለእኔ የነገረችኝ ከስምንት ወር በኋላ፣ ባቄላው እንቁላል ሲያክል ነው። «ጡቴን ቆርጠው ይጥሉታል፤ ከዚያ ማን ያገባኛል?» ብላ ተንሰቀሰቀች።

እየጎተትኩ ወሰድኳት። ያገኘናቸው ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፤ ያስረዱንን ላካፍላችሁ።

እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። በተለይ በወጣትነት አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው። ግን በመዳሰስ ብቻ አይለይም። ሐኪም ይዳስሳል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ ይታያል፣ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። የጡት ካንሰር ደግሞ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣት፣ የብብት እብጠት ካያችሁም ዛሬ ነገ አትበሉ። ወንዶች፣ አትሳቁ! ጥቂት ቢሆኑም እናንተንም ይይዛል።

«ሕክምናው መቁረጥ ብቻ ነው?» አልኳቸው።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አሉኝ።

እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙ የጣሊያንና የአሜሪካ ጥናቶች ሴቶችን 20 ዓመት ተከታትለው፣ እንዲህ የታከሙት ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠው እኩል በሕይወት እንደቆዩ አሳይተዋል። እንደ ካንሰሩ ጠባይ ኬሞቴራፒ ይጨመራል። ሆርሞን የሚያፋፋው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይዋጣል። እናታችን ፀበል ስታነሳ ሐኪሙ አልተቆጡም። «ፀበሉንም ያዙ፤ ቀጠሮውን ግን እንዳትቀሩ» አሉ።

እህቴ ግን ቆይታለች። መጀመሪያ እብጠቱን ለማሳነስ ኬሞ ወሰደች፤ ፀጉሯ ረገፈ። ቀጥሎ ጡቷ ተቆረጠ። ከዚያ ጨረር። ባቄላ ሳለ ብትሄድ ኖሮ… ይህ «ኖሮ» ዛሬም ያንገበግበኛል።

እጮኛዋስ አትሉም? ይተወኛል ብላ የፈራችው ሰው በየቀጠሮዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት ነበር! ሰርጉ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨው አንድ ነገር ነው፤ «ያኔውኑ ለምን አልነገረችኝም?» ይላል።

እሷ ዛሬ ክኒኗን እየዋጠች ሥራዋ ላይ ናት። እኔም ተመርምሬያለሁ፤ እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ይህንኑ ለሐኪም መናገር አለባትና።

እህቶቼ፣ አያምም ብላችሁ አትናቁት። ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ከዚያም ሂዱ!

ቸር ይግጠመን!